ባለ ብዙ ቻናል አምፕሊፋየር ስለ መምረጥ



ከጅማ ወደ ደቡብ በምትገኘው በደዶ አንድ ቤተሰብ የቡናውን ሽያጭ ገንዘብ በተቀበለ ጊዜ ሳሎኑን የፊልም ማያ ሊያደርግ ቢያስብ፣ ምክር የሚጠይቀው ከባለሙያ ነው። ገንዘቡ የዓመት ድካም ዋጋ ነውና ምክሩ ጥንቃቄን ይሻል።

የገዢው ዓይን በቅድሚያ የሚያርፈው በካርቶኑ ላይ በጉልህ በተጻፈው የዋት ቁጥር ላይ ነው። ይህ ቁጥር ግን አንዳንድ ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚገኘውን ኃይል፣ አንዳንድ ጊዜም የቻናሎቹን ሁሉ ድምር ያመለክታል። በአሜሪካ አምራቾች የአምፕሊፋየርን ኃይል እያጋነኑ በማስታወቃቸው፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የአለካክ ደንብ እስከ መውጣት ተደርሷል። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው፣ አምስቱም ቻናሎች በአንድነትና ያለማቋረጥ ሲሠሩ፣ በ8 ኦም ስፒከር ላይ እያንዳንዳቸው ስንት ዋት ይሰጣሉ የሚለው ነው።

የኃይል ሕግ አይታለልም። አምስቱ ቻናሎች 100 ዋት ቢሰጡ ድምሩ 500 ዋት ነው። የመሣሪያው ብቃት 55 በመቶ ቢሆን፣ ከመስመሩ 900 ዋት ያህል፣ ይኸውም በ220 ቮልት ቢያንስ 4 አምፔር ይስባል። የቀረው 400 ዋት ሙቀት ይሆናል፤ ስለዚህ መሣሪያው አየር በማይገባበት ቁም ሣጥን ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም።

ሁለተኛው ጉዳይ ስፒከሩ ነው። ኃይልን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል በሚሰጥ ስፒከር ፋንታ 91 የሚሰጠውን መምረጥ፣ የአምፕሊፋየሩን ኃይል በእጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው።

ሦስተኛው መስመሩ ነው። የግልገል ግቤ የኃይል ማመንጫ ከጅማ ብዙ አይርቅም፤ ነገር ግን የማመንጫ መቅረብ ብቻ በረጅም መስመር ጫፍ ላለ ቤት የጸና ቮልቴጅ አያስገኝለትም። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢወርድ የ100 ዋት ዐቅም ወደ 81 ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ይህን ልዩነት ጆሮ እምብዛም አይለየውም። አደጋው ቮልቴጁ ከመጠን በላይ ሲወጣ ነውና ስታቢላይዘር ሊዘነጋ አይገባም።

ከዐቅሙ በላይ እንዲጮኽ የተገደደ አምፕሊፋየር የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጣል፤ በዚህም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከር ሊያቃጥል ይችላል። ለመጠነኛ ሳሎን እውነተኛ 50 ዋት በየቻናሉ፣ በካርቶን ላይ ከተጋነነ 500 ዋት ይበልጣል። ይህንንም ለገዢው፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ከመስጠቱ አስቀድሞ ማስረዳት የመሐንዲስ ግዴታ ነው።