የገናን ካርድ ማን አመጣው?



የልደት በዓል በተቃረበ ቁጥር በከተማችን የጽሕፈት መሣሪያ በሚሸጥባቸው ሱቆች ደጃፍ ካርዶች በክር ላይ ተሰቅለው ይታያሉ። በረዶ የጫነው ጎጆ፣ ደወል፣ ጥድ፣ ቀይ ካባ የደረበ ባለ ነጭ ጢም ሽማግሌ የተሣለባቸው ናቸው። ይህን የሚያይ ሰው ልማዱ ከጥንት ከአበው ዘመን የወረደ ሊመስለው ይችላል። ለእኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገሩን ስመረምረው ግን የገና ካርድ አባት እንደ ብዙዎቻችሁ የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩ፣ መልስ የሚጠብቁ ደብዳቤዎች በጠረጴዛቸው ላይ ተከምረውባቸው መላ ያጡ ሰው ሆነው አገኘኋቸው።

ስማቸው ሄንሪ ኮል ይባላል። የተወለዱት በ1808 ዓ.ም. ሲሆን (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል) በለንደን ከተማ በመንግሥት መዝገብ ቤት ያገለግሉ ነበር። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የደብዳቤ ዋጋ የሚታሰበው በመንገዱ ርቀትና በወረቀቱ ብዛት ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም ሒሳቡን የሚከፍለው ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው። ስለዚህ ለድኻ ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ደስታም ዕዳም ይሆንበት ነበር። ሮውላንድ ሂል የተባሉ ሰው ይህን አሠራር ለመለወጥ በተነሡ ጊዜ ሄንሪ ኮል ከረዳቶቻቸው አንዱ ሆኑ። በ1840 ዓ.ም. አዲሱ ደንብ ወጣና ግማሽ አውንስ፣ ማለት 14 ግራም ያህል የሚመዝን ደብዳቤ በአገሩ ውስጥ ቅርብም ይሂድ ሩቅ በአንድ ፔኒ ይደርስ ጀመር።

ታዲያ ርካሹን ፖስታ ለማምጣት የደከሙት ሰው የርካሹ ፖስታ ጎርፍ ከራሳቸው ጠረጴዛ ደረሰ። በ1843 ዓ.ም.፣ በእኛ በኩል ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ይገዙ በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው፣ የገና ሰሞን ወዳጅ ዘመዱ ሁሉ ጻፈላቸው። መልስ መንፈግ ነውር ነው፤ ለሁሉም በእጅ እንዳይጽፉ ጊዜ የለም። ስለዚህ ጆን ሆርስሊ የተባሉትን ሠዓሊ ለምነው ሥዕል አሠሩና 1000 ያህል ቅጂ አሳተሙ። መልካም ገናና መልካም አዲስ ዓመት የሚለው ምኞት በማተሚያ ተጽፎ፣ የተቀባዩና የላኪው ስም በእጅ የሚሞላበት ቦታ ባዶ ተተወለት። በቢሮ ቋንቋ ብንናገረው፣ ሰውየው ቅጽ አዘጋጁ ማለት ነው። ለሽያጭም ሲቀርብ ዋጋው አንድ ሺሊንግ ነበር። ሺሊንጉ 12 ፔኒ ነውና የካርዱ ዋጋ የመላኪያው 12 እጥፍ መሆኑ ነው።

በሥዕሉ መካከል አንድ ቤተ ሰብ በማዕድ ዙሪያ ጽዋ አንሥቶ ይታያል፤ በግራና በቀኝ ደግሞ የተራበ ሲበላ፣ የታረዘ ሲለብስ ተሥሏል። ስለ ምጽዋቱ ብዙም የተናገረ የለም። ጩኸት የተነሣው ከማዕዱ አጠገብ አንዲት ሕፃን ወይን ስትጎነጭ በመታየቷ ነው፤ የመጠጥ ተቃዋሚዎች ካርዱን አጥብቀው ነቀፉት። በዓውደ ዓመት ጠላ በጣቷ የምታቀምስ አያት ያሳደገችው ሰው ግን በዚህ ክስ ጨክኖ የሚፈርድ አይመስለኝም።

ሳልናገር ማለፍ ያልቻልኩት አንድ ነገር አለ። ሄንሪ ኮል ኋላ በለንደን የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም ዲሬክተር ሆነው እስከ 1873 ዓ.ም. ቆይተዋል። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ የዐፄ ቴዎድሮስን ግምጃ ቤት የዘረፈው በ1868 ዓ.ም. በእርሳቸው የዲሬክተርነት ዘመን ነው። ያ ሙዚየም ቪክቶሪያና አልበርት በሚል አዲስ ስም ዛሬም አለ፤ ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋም የሚገኙት በዚያው ነው።

ወደ ካርዱ እንመለስ። በታተመ ወረቀት ሰላምታ መላክ ልብ የሌለበት ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔም ከእነርሱ ወገን ነበርሁ። ይሁን እንጂ ለትምህርት ከአገሬ ርቄ ሳለሁ እናቴ ለአንድ ደብተራ እየነገረች ታስጽፍልኝ የነበረው ደብዳቤ ትዝ አለኝ። የገጹ እኩሌታ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ» በሚለው ልማድ የተሞላ ነበር። ቃሉ የእናቴ ሳይሆን የደብተራው ነው፤ ለጎረቤታችን ልጅም ያንኑ ይጽፉለት ነበር። ነገር ግን ከግርጌው ላሟ መውለዷን ወይም የጓሮው ጌሾ መድረቁን የምትነግረኝ አንዲት መስመር አትታጣም። ያቺ መስመር የእናቴ ነበረች። አምና ደግሞ በበዓሉ ዋዜማ አንድ ዓይነት መልእክት ከአራት ሰዎች በስልኬ ደረሰኝ፤ ቃሉ አንድ፣ የፊደል ግድፈቱም አንድ። ምን ይደረግ፤ እኔም ያንኑ ከነግድፈቱ ለአለቃዬ ላክሁት።

የጥዱ ነገር ደግሞ ከጀርመን አገር የመጣ ነው። በ1848 ዓ.ም. አንድ የለንደን ሥዕላዊ ጋዜጣ ንግሥት ቪክቶሪያንና ጀርመናዊ ባላቸውን አልበርትን ከልጆቻቸው ጋር በጥድ ዙሪያ ቆመው አሳየ፤ ልማዱም በሕዝቡ ዘንድ በፍጥነት ተስፋፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የአሜሪካ መጽሔት ያንኑ ሥዕል አተመው። ንጉሥ በሌለበት አገር የንግሥና ምልክት አላማረውምና የንግሥቲቱን ዘውድ ከራሳቸው፣ የአልበርትን ጢም ከከንፈራቸው አጠፋና ተራ የአሜሪካ ቤተ ሰብ አደረጋቸው። የኤሌክትሪክ መብራት በጥዱ ላይ የታየው በ1882 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኤድዋርድ ጆንሰን የተባለው የኤዲሰን ባልደረባ በኒውዮርክ ቤቱ 80 አምፑል ሰቅሎ ነበር።

ካርድ ወደ ውጭ አገር የምትልኩ ሰዎች የቀኑን ልዩነት ሳትጠይቁ አትቀሩም። የእኛ ታኅሣሥ 29 በአሮጌው በዩልዮስ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ነው። ኤውሮፓውያን ከ1582 ዓ.ም. ጀምሮ አቆጣጠራቸውን ስላረሙ በመካከሉ 13 ቀን ገባ፤ የእኛም ልደት በጃንዋሪ 7 ይውላል። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 28 የምናከብረውም ከዚሁ ቀን እንዳይዛነፍ ነው። በ2100 ዓ.ም. ልዩነቱ 14 ቀን ስለሚሆን፣ በ2101 ዓ.ም. ታኅሣሥ 29 የሚገጥመው ጃንዋሪ 8 ላይ ነው።

ከሄንሪ ኮል 1000 ካርዶች ወደ እኛ ዘመን የደረሱት ጥቂት ናቸው። ከእነርሱ አንዱ በ2001 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በጨረታ ቀርቦ ከ20 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጧል። ይህኛው ካርድ ሄንሪ ኮል ራሳቸው ስም ጽፈው ለአያታቸው የላኩት ነበር።

ደኅና እደሩ።