«ያዘችልኝ» እና «ያዘችብኝ»

(በእሁድ ስብሰባችን ላይ ከተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ በአንዲት የእረፍት ቀናችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔ አስተማሪ አይደለሁም፣ ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ዛሬ ይዤ የመጣሁት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ነው። ባለማወቄ የአምስት ወር ደመወዜን ልታሳጣኝ የነበረች ቃል ናት።

እዚህ ቤይሩት የመጀመሪያው ቤቴ ማዳም ደመወዝ ስጠይቃት «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ፣ አገርሽ ስትገቢ አንድ ላይ ትወስጃለሽ» ትለኝ ነበር። እናቴ እዛ ብር ትጠብቃለች፣ እኔ እዚህ እጠብቃለሁ። አምስት ወር ሞላ። በመጨረሻ አቤት ልል ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰውዬ በእንግሊዝኛ ሲጠይቀኝ እኔም በማውቀው «ማዳም ሆልድ ማይ ሳላሪ» አልኩት። ጻፈ፣ ፈረምኩ።

ወረቀቱን ያነበበችልኝ አንዲት የኛው ልጅ ናት። «አንቺ፣ እዚህ ላይ እኮ አሠሪዋ ደመወዟን እያስቀመጠችላት ነው ይላል!» አለችኝ። ክው አልኩ። ያኔ ነው ዊዝሆልድ የሚለውን ያስተማረችኝ።

ሆልድ መያዝ ነው። ሕፃን ብትይዢም፣ ቦርሳ ብትይዢም ሆልድ ነው። ከፊቱ ዊዝ ሲገባበት ግን ትርጉሙ ይዞራል። ዊዝ ዛሬ «ጋር» ማለት ነው፤ በድሮ እንግሊዝኛ ግን «ተቃውሞ» የሚል ትርጉምም ነበረው። ስለዚህ ዊዝሆልድ ማለት ለሰው የሚገባውን ነገር ይዞ መከልከል ነው። በኛ አማርኛ ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው፦ ያዘችልኝ፣ ያዘችብኝ። እኔ «ያዘችብኝ» ልል ፈልጌ ሰውዬው «ያዘችልኝ» ሰማ።

እንዲህ በሉ፦ «ማይ ኢምፕሎየር ኢዝ ዊዝሆልዲንግ ማይ ፓስፖርት»፣ አሠሪዬ ፓስፖርቴን ይዛብኛለች። ያለፈ ከሆነ ዊዝሄልድ ነው፦ «ማይ ሳላሪ ዋዝ ዊዝሄልድ»። ስትጽፉት «ኤች» የሚለው ፊደል መሐሉ ላይ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱን እንዳትረሱ። ደግሞ ያልሆነውን አትበሉ። ሦስት ቀን ከዘገየ ዘገየ በሉ። ከደመወዝ ላይ ከተቆረጠ ዲዳክት ነው። ቃሉን ያለቦታው ካልነው እውነታችንንም አያምኑንም።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የሊባኖስ የ1946 የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኛ ፓስፖርቷን ራሷ የመያዝ መብት አላት፣ ደመወዟም ቢያንስ በወር አንዴ ይከፈላት ይላል፤ ሊባኖስ ግን አላጸደቀችውም። እጃችን ላይ የሚቀረው ኮንትራቱ ነው። ኮንትራቱ ደግሞ ደመወዝ በየወሩ መጨረሻ ይከፈል ይላል። «ያዘችልኝ» ካልን ግን እኛው ራሳችን የተስማማን ይመስላል።

የኔ ወረቀት ተስተካክሎ ተጻፈ። ከብዙ መመላለስ በኋላ የሦስት ወሩን አገኘሁ፣ የሁለቱ እዛው ቀረ።

አሁን ማዳም «ይዤልሽ ነው» ካለቻችሁ አንድ ጊዜ ጠይቋት። ስትጠይቋት አውጥታ ከሰጠቻችሁ ይዛላችኋለች። ከከለከለቻችሁ ይዛባችኋለች፤ ወሩንና ቀኑን መዝግቡ፣ ስሙም ዊዝሆልድ ነው። በሉ አሁን አንድ ላይ እንበለው።