የውሃ መሳቢያ ሞተራችሁን ከውስጥ እወቁት



ዛሬ የምንነጋገረው በርብና በጉማራ ዳርቻ ሽንኩርት ስለምታጠጡበት የቤንዚን ውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። ሽንኩርቱ ኮረት መያዝ ሲጀምር ሞተሩ ተጣብቆ ቢቆም፣ መካኒክ እስኪመጣና መለዋወጫ እስኪገኝ ማሳው አይጠብቃችሁም። መካኒክ ሁኑ አልልም፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን ማወቅ አለባችሁ።

ዋናው ሥራ የሚሠራው ሲሊንደር በሚባለው ክብ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ፒስተን ይመላለሳል። ሲወርድ ከካርቡሬተር የመጣውን አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወጣ ያምቀዋል፤ ካንዴላው ሲለኩሰው ቃጠሎው ፒስተኑን በኃይል ወደ ታች ይገፋዋል፤ እንደገና ሲወጣ ጭሱን በማርሚታ ያስወጣል። ከአራቱ ጉልበት የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው። ያንን ጉልበት ቢዬላው ተቀብሎ ለኮሎው ያቀብላል፣ ኮሎው ሲዞር ፓምፑን ያዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 3600 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል። ብረት ከብረት እንዲህ ሲፋተግ የሚያድነው ዘይት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሞተር የሚሞተው በዚህ ነውና። መኪና ዘይቱን በየክፍሉ የሚገፋ የራሱ ፓምፕ አለው። አብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች ግን የላቸውም፤ ከቢዬላው ግርጌ ያለች ማንኪያ መሰል ብረት ከሥር የተጠራቀመውን ዘይት እየጨለፈች ትረጫለች። ሞተሩን ወንዝ አፋፍ ላይ አዘንብላችሁ ካስቀመጣችሁት ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ማንኪያዋ ባዶውን ትመታለች። ስለዚህ መጀመሪያ መሬቱን ደልድሉ። ዘይቱን በየማለዳው፣ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ለኩ። ባለ 5 ወይም ባለ 6 የፈረስ ጉልበት ሞተር የሚይዘው 0.6 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ትንሽ መጉደሉም ከባድ ነው። አዲስ ሞተር ከሆነ ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ቀይሩ። በቀን 8 ሰዓት ለሚያጠጣ ሰው 100 ሰዓት ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። አንዳንዱ ሞተር ዘይት ሲጎድል ራሱን ያጠፋል። «እየጠፋ አስቸገረኝ» ብሎ የመቆጣጠሪያውን ገመድ የሚነቅል አለ፤ ይህ የሚጮኸውን ውሻ ገድሎ ሌባ እንደ መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። ፊልትሮው ሲደፈን አውልቀው የሚያሠሩ አሉ። ለጊዜው ጉልበት ያገኙ ይመስላቸዋል፤ አሸዋው ግን ፒስተኑ ላይ የተጠመጠሙትን ቀለበቶች፣ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸውን፣ ይሞርዳቸዋል። ስፖንጁን በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት፣ ንጹሕ የሞተር ዘይት አስነክታችሁ ጨምቁና መልሱት። በቤንዚን አትጠቡት፣ እሳት ያስነሳል። በነገራችን ላይ ጣና ዙሪያ ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ከተጻፈበት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ይህ የፊልትሮው ጥፋት አይደለም።

ጭሱንም እዩት። ጥቁር ከሆነ ፊልትሮው ተደፍኗል ወይም ቤንዚን በዝቷል። ወደ ሰማያዊ ካደላ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ፋሻው ሳያልቅ አልቀረም። የማስነሻው ገመድ ስትስቡት ከወትሮው ከቀለላችሁም እንዲሁ ፋሻውን ወይም ቫልቩን አስመርምሩ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ውሃው ሲርቅ ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዳችሁ አታስነሱ። ከማርሚታው በሚወጣው ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰው ሳያውቀው ራሱን ስቶ ይሞታል፤ ሊያወጣው የወረደውም ይከተለዋል። ውሃው ከሞተሩ በታች ከ6 ሜትር በላይ ከራቀ ለጥልቅ ጉድጓድ የተሠራ ፓምፕ እንደሚያስፈልጋችሁ ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ንገሩ።

አሁን ወደ ግቢው እንውጣ። የተፈታ ሞተር አለ፤ ፋሻው ያለቀ ፒስተንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጠናል፣ በእጃችሁ ዳስሷቸው።