ጎተራውን ማን በላው?

(ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

እኔ በመሸንቲ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የዛሬው ርእሴ ከፊደል የራቀ ይመስል ይሆናል፤ ግን አይደለም። የምንነጋገረው ለክፉ ቀን ስለሚቀመጥ እህል ነው።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር ወር፣ በቆሎ ረከስ ሲል ሁለት ኩንታል ገዛሁ። በማዳበሪያ እንዳለ ከቤቴ ጥግ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። «ክረምትን ተገላገልኩ» ብዬ ነበር። ነሐሴ ላይ ስፈታው እጄ የዘገነው ዱቄት ሆነ። ከላይ ነቀዝ ይርመሰመሳል፤ ከሥር መሬት የነካው ሻግቶ ተጋግሯል። ጎረቤቴ የሆኑ እናት አዩና፣ «መምህር፣ ፊደሉን አውቀሃል፣ የእህሉን ነገር ግን አላወቅኸውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ጉዳት ቢሆን ኖሮ በሬዲዮ ባልተናገርኩት። በየዓመቱ ግንቦትና ሰኔ ሲደርስ ከክፍሌ የሚጎድሉ ልጆች አሉ። ወላጆቻቸውን ስጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ እህሉ አልቋል፣ ልጁ ለቀን ሥራ ሄዷል። ብዙዎቹ ግን ጥር ላይ በርካሽ የሸጡ ናቸው። ለምን ሸጣችሁ ሲባሉ «ነቀዝ ከሚበላው ብለን» ይላሉ። ያንኑ እህል በክረምት በውድ ይገዙታል። እንግዲህ ነቀዝ የሚበላው እህሉን ብቻ አይደለም፤ የልጁንም ትምህርት ጭምር ይበላል ማለት ነው።

አንዳንዱ ሰው «የእኛ አገር ዝናብ አያጣም፤ ረኀብ የሌላ አገር ነገር ነው» ይላል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኀቡ የከፋው በወሎና በትግራይ እንደነበረ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣውን ክፉ ቀን እናስታውስ። ያኔ የከብት በሽታ ገብቶ የአገሪቱን በሬ ፈጀው፤ ማረሻ የሚጎትት ጠፋ፤ የሚታረስ መሬት እያለ ሰው በረኀብ አለቀ። ክፉ ቀን በድርቅ ብቻ አይመጣም። በበሽታም፣ በጎርፍም፣ በጦርነትም ይመጣል። መንገድ ሲዘጋና ገበያ ሲቆም ሰው የሚበላው በቤቱ ያለውን ነው።

አሁን ጠላታችንን እንወቅ። እንስቷ ነቀዝ የበቆሎውን ፍሬ በአፏ ትበሳና እንቁላሏን ከውስጥ ጥላ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ እዚያው ውስጥ ሆኖ ይበላል፣ ያድጋል፤ ሙቀት ካገኘ ከአንድ ወር ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህም ከላይ ሲያዩት ደኅና የመሰለ እህል ውስጡ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ጤፍና ዳጉሳን ግን ፍሬያቸው ትንሽ ስለሆነ ትሉ አያድግባቸውም። ለዚህ ነው አባቶቻችን ዳጉሳን ለዓመታት ያቆዩት የነበረው። እንግዲያውስ አስቀድመን በቆሎውን እንብላ፤ ዳጉሳውን ለኋላ እናቆይ።

ምን እናድርግ? በቅደም ተከተል ልናገር።

አንደኛ፣ ማድረቅ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ተረት ለእንጨት ይሠራል፤ ለእህል ግን ተቃራኒው ነው። በቆሎውን በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በሰሌን ላይ አስጡት። መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ እስከ ሲሶው በእህል ሙሉና ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ናጡት። ጥቂት ቆይታችሁ እዩ። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው። ካልተጣበቀም አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ጨምሩለት።

ሁለተኛ፣ ማጽዳት። እህሉን አንፍሱ፣ ንፉ፣ የተሰበረውን ለዩ። ጎታውንና ጎተራውን ጠርጋችሁ ስንጥቁን በጭቃና በእበት ምረጉ። አሮጌውን እህል ከአዲሱ አትቀላቅሉ፤ አሮጌው ነቀዙን ያወርሰዋል።

ሦስተኛ፣ ከመሬትና ከግድግዳ ማራቅ። ማዳበሪያው በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። በጣና ዙሪያ ክረምቱ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ ከመሬት ወደ እህሉ ይወጣል። የእኔን ሁለት ኩንታል ከሥር ያበላሸው ይኸው ነው።

አራተኛ፣ አየር መከልከል። ነቀዝም እንደ ሰው ይተነፍሳል። ከውስጥ ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ፣ ከውጭ ማዳበሪያ ያለው ከረጢት አለ፤ ፒክስ ይባላል። ይህ ዘዴ መጀመሪያ የተሞከረው በካሜሩን ነው። እህሉን ሞልታችሁ፣ አየሩን ጨምቃችሁ እያንዳንዱን ፕላስቲክ ለየብቻው ጠምዝዛችሁ እሰሩ። ነቀዙ ያለውን አየር ይጨርስና ያለ መድኃኒት ይሞታል። አይጥ ከበሳው ግን ዋጋ የለውም። ለዘርና ለጥቂት እህል፣ በደንብ ታጥቦ የደረቀ፣ ክዳኑ የሚገጥም የዘይት ጀሪካን ይበቃል፤ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት። የፀረ ተባይ ዕቃ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። በየሱቁ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት አታድርጉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። የሻገተ በቆሎም አይበላ፤ ለጠላም አይዋል። የሻጋታው መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፤ ጉበትን ይጎዳል። ለላም ብትሰጡት በወተቱ ተመልሶ ወደ ልጃችሁ ይመጣል።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። በአገራችን በችግር ጊዜ ዕርዳታ ሲታደል ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ሲመደብ ኖሯል። ይህን እንደ መለኪያ እንውሰድ። በቤታችሁ ስድስት ሰው ቢኖር 6 ጊዜ 15፣ 90 ኪሎ ይሆናል። ለሰኔ፣ ለሐምሌና ለነሐሴ 90 ጊዜ 3፣ 270 ኪሎ ነው። ይህ የማይነካ ይሁን። ዘሩም ከዚህ ተለይቶ ይቀመጥ። ዱቄት ቶሎ ስለሚበላሽ እህሉን ሳይፈጭ አቆዩት፤ ወፍጮ ቤት ቢቆም የሚደርሱላችሁ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ናቸው።

በእያንዳንዱ ማዳበሪያ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የእህሉን ስም፣ የገባበትን ቀን፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ። ባወጣችሁ ቁጥር በደብተር መዝግቡ። ይህን ለማድረግ ፊደል ቆጥሮ መደመርና መቀነስ ከቻሉ ይበቃል። እነዚያ ጎረቤቴ ዛሬ በማታው ትምህርት ፊደል ቆጥረዋል። ባለፈው ቤታቸው ስገባ በጎታቸው ላይ በከሰል «ዳጉሳ፣ ታኅሣሥ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ዳጉሳን በየትኛው ሰ እንደ ጻፉት አልመረመርኩም፤ እርማትም አልሰጠሁም። ጎታው ሙሉ ነበር።

አድማጮች፣ ለሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው፦ ጨውና ጠርሙስ አዘጋጅታችሁ የቤታችሁን እህል ፈትኑ፤ ውጤቱን ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።