ከተማ የያዘ ሠራዊት ዘረፋን ለመከልከል ስላለበት አላፊነት

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ

ወደ ዮርዳኖስ የወረዱት ጭፍሮች ምን እንዲያደርጉ በጠየቁት ጊዜ፥ መጥምቁ ዮሐንስ ሰይፋቸውን እንዲጥሉ አላዘዛቸውም። ማንንም እንዳይበድሉ፥ በሐሰትም እንዳይከሱ፥ በደመወዛቸውም ረክተው እንዲኖሩ ነገራቸው እንጂ፤ ይህም በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 3 ተጽፎ ይገኛል። የደመወዝ ነገር በዚህ ስፍራ የገባው አለ ምክንያት አይደለም። ደመወዝ የሌለው ወታደር የባላገሩን ጎተራ እንደ ደመወዙ ይቈጥረዋልና። በኢትዮጵያም በቀድሞው ዘመን ጭፍራው ቍርጥ ደመወዝ ስላልነበረው፥ ባለፈበት አገር ሁሉ ገበሬው ያመረተውን እየበላ፥ የተረፈውንም እየጫነ ይሄድ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። አበ ብዙኃን አብርሃም ግን ነገሥታቱን ድል አድርጎ በተመለሰ ጊዜ፥ የሰዶም ንጉሥ ከብቱን እንዲወስድ ቢለምነው የጫማ ጠፍር እንኳ ለመውሰድ እንቢ አለ። ድል ያደረገ ሁሉ ባለቤት እንደማይሆን ከዚህ ይታወቃል።

የነገሩም ሥር ይህ ነው። ከተማ በሰላም ሲኖር ዳኛ አለው፤ ዘበኛ አለው፤ ሌሊት ቤቱ ተሰብሮ ለሚጮኽ ሰው የሚደርስለት አለ። የውጭ ሠራዊት በገባ ጊዜ ግን ዳኛው ይሸሻል፤ ዘበኛው ይሞታል ወይም መሣሪያውን ይነጠቃል፤ አቤት የሚባልበት ደጅ ይዘጋል። እንግዲህ ዘበኛውን ያስወገደ እርሱ ራሱ ዘበኛ ካልሆነ ድኻው ለማን ይጮኻል? ወራሪው አገሩን የያዘው በጽድቅ ቢሆን ወይም በግፍ ቢሆን፥ ይህ ዕዳ አይቀርለትም። በግፍ የገባውማ ዕዳው ድርብ ነው።

ይህን ሐሳብ መንግሥታት በ1899 እና በ1907 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በሆላንድ አገር በሄግ ከተማ ተሰብስበው በሕግ ጻፉት። በዚያ ሕግ በ43ኛው አንቀጽ አገር የያዘ ሠራዊት የሕዝቡን ጸጥታና ደኅንነት ለመመለስና ለመጠበቅ የሚቻለውን ሁሉ እንዲያደርግ ታዘዘ። በ47ኛው ዘረፋ ፈጽሞ ተከለከለ። በ56ኛው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን፥ የትምህርት ቤትና የምጽዋት ቤት ገንዘብ እንደ ግል ሰው ገንዘብ እንዲከበር ተጻፈ። ለዚህ ደብር ካህናት ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ይህ የመጨረሻው ነው።

ሕጉ ከመጻፉ በፊት የሆነው የመቅደላ ነገር ግን ሳይነገር አይታለፍም። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር የመጣው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ እስረኞቹም አምባው ሳይያዝ ተለቀቁ። ጉዳዩ በዚህ አለቀ ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ሚያዝያ 6 ቀን በፋሲካ ማግሥት እንግሊዞች አምባውን በኃይል ያዙ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሚቃወም አልነበረም። የሚቃወም በሌለበት ስፍራ ወታደሩ ግምጃ ቤቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን በዘበዘ፤ ታቦታቱን፥ መስቀሉን፥ ጽናጽሉን፥ የብራና መጻሕፍቱን ተሸከመ።

አዛዡ ይህን ሲያይ ምን አደረገ? የተዘረፈው ዕቃ ሁሉ እንዲሰበሰብ አዘዘ። ለባለቤቱ ለመመለስ ግን አይደለም። አምባው ከተቃጠለ በኋላ ዕቃው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ የበሽሎን ወንዝ ተሻገረ፤ በደላንታም ሜዳ ሁለት ቀን ሙሉ በሐራጅ ተሸጠ። ገንዘቡም ለጭፍራው ተከፋፍሎ ለያንዳንዱ ወታደር ከአራት ብር ትንሽ ከፍ የሚል ደረሰው። ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከሠራዊቱ ጋራ የመጣው ሪቻርድ ሆምስ የሚባል ሰው፥ የአቡኑን የወርቅ ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር እጅ በ4 ፓውንድ ገዛ። ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ የነበረውን የኵርዓተ ርእሱን ሥዕል ግን ለራሱ አስቀረው። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ሙዚየሙ ገቡ።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ በዚህ ነገር ውስጥ ከዘረፋው ይልቅ ሥርዓቱ ያስደንቃል። ሠራዊቱ ሥርዓት አጥቶ አልነበረም፤ ዝሆን ለመጫን፥ ሐራጅ ለማቆም፥ ብር በራስ ለመቍጠር የሚበቃ ሥርዓት ነበረው። ያው ሥርዓት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አሥር ዘበኞች ለማቆም አይበቃም ነበርን? ዘረፋውን መከልከል ሲቻለው መዝገብ ከፍቶለት ሕጋዊ ገበያ አደረገው። የገዛ አገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን እንኳ በ1871 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በፓርላማው ቆሞ ዕቃው ከኢትዮጵያ በመምጣቱ ማዘኑንና እስኪመለስ ድረስ በአደራ ሊጠበቅ እንደሚገባው ተናግሯል።

አንዳንድ ሰዎች ቴዎድሮስም ያን ሀብት ያገኘው የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት በ1859 ዓ.ም. ዘርፎ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ሊሸሸግም አይገባም። ይሁን እንጂ ሌባ የሰረቀውን ከሌባው የሚቀማ ሰው ዕቃውን ወደ ባለቤቱ መልሶ ከሆነ ዳኛ ይባላል፤ ወደ ቤቱ ወስዶት ከሆነ ሁለተኛ ሌባ ነው። ጎንደር ከደላንታ ሜዳ ይልቅ ለለንደን አይቀርብም ነበር።

የኢጣልያ ነገር ደግሞ ሁለት መልክ አለው። አርባ ምንጭ ገና ሳትቆረቆር፥ የጋሞ ጎፋ አስተዳደርም በጨንቻ ሳለ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቀው ሄዱ። ማርሻል ባዶልዮ እስከ ገባበት እስከ ሚያዝያ 27 ድረስ በነበረው ጊዜ ከተማው ባለቤት አልነበረውም። በዚያን ጊዜ ሱቁን የሰበረው፥ ቤቱን ያቃጠለው የውጭ ወታደር ሳይሆን የከተማው ሰውና የተበተነው ጭፍራ ነበረ። የውጭ አገር ሰዎች ወደ እንግሊዝ ለጋሲዮን እየሮጡ ተጠጉ፤ የሚጠጋበት ያልነበረው የአገሩ ድኻ ግን በደጁ ቆሞ ንብረቱ ሲሄድ አየ። ስለዚህ የኢጣልያ ጦር የሦስቱን ቀን ቃጠሎ የገዛ እጁ ሥራ ነው ተብሎ አይከሰስም፤ መንግሥትን አፍርሶ ባዶውን ስፍራ ያመጣው ግን እርሱ ነው።

በገባ ጊዜስ? ዘራፊ የተባለውን እየገደለ ሥርዓት አመጣሁ አለ። አሥር ወር ሳይሞላ፥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ፥ ያ ሥርዓት አመጣሁ ያለው ኃይል ጥቁር ሸሚዝ ለባሾችን በሕዝቡ ላይ ሦስት ቀን ለቀቀ። ቤት ተቃጠለ፤ ገንዘብ ተዘረፈ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም እሳት ተለኰሰበት። የኢትዮጵያ መንግሥት የሞቱትን 30,000 ያህል ብሎ ቈጥሯል። በግንቦት ወር ጄኔራል ማሌቲ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስን መነኰሳትና ዲያቆናት ፈጀ፤ የገዳሙም ዕቃ ተጋዘ። በዚያው ዓመት የአክሱም ሐውልት ወደ ሮም ተጫነ። ሐውልትን የሚያህል ድንጋይ በድንገት በሥርዓት አልባ ወታደር አይሰረቅም፤ መንግሥት ራሱ ነው የሚሰርቀው።

በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጽ ኢጣልያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራ፥ ንዋየ ቅድሳትና መዝገብ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ተፈረደባት። ሐውልቱ የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ 18 ወር የተባለው 58 ዓመት ሆነ።

በቅርቡም ዘመን በ1995 ዓ.ም. የአሜሪካ ሠራዊት ባግዳድን በያዘ ጊዜ፥ ከሚያዝያ 2 እስከ 4 ቀን ሕዝብ ወደ አገሩ ቤተ መዘክር ገብቶ ወደ 15,000 የሚጠጋ ዕቃ ዘረፈ፤ ታንኮች መጥተው ደጁን የጠበቁት ሚያዝያ 8 ቀን ነው። የነዳጅ ዘይት ሚኒስቴሩ ግን ያን ጊዜ ዘበኛ አላጣም። የዚያ አገር ሹማምንት ሕዝቡ ብዙ፥ ወታደሩ ጥቂት፥ ውጊያውም ያላለቀ ነበር ብለው መለሱ። ምክንያቱ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አንዱን ቤት ጠብቆ ሌላውን የተወ፥ መጠበቅ እንደሚችል በጠበቀው ቤት መስክሯል።

የተቈጣ ሕዝብ አይመለስም ለሚል ሰው የጋሞ ሽማግሌዎች ሥራ ይነገረው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ጋሞዎች በተገደሉና በተፈናቀሉ ጊዜ፥ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ተቈጥተው የሌላውን ወገን ንብረት ለማጥፋት ተነሡ። ሽማግሌዎቹ ሰይፍ አልያዙም፤ ጠመንጃም አልነበራቸውም። በአባቶቻቸው ሥርዓት እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። የሽምግልናው ኃይል በዱቡሻ ከሚነገረው ቃልና ከጎሜ ፍርሃት ነው። ጎሜ የተባለው የተከለከለውን የተላለፈ ሰው በራሱ፥ በቤቱና በአገሩ ላይ የሚያመጣው መከራ ነው። በኢያሱ መጽሐፍ በምዕራፍ 7 አካን ከኢያሪኮ ዕቃ ሰርቆ በድንኳኑ ውስጥ ቢቀብር፥ ሕዝቡ ሁሉ በጋይ ፊት እንደ ተሸነፈ የሚያነብ ካህን ይህን የጋሞ ነገር እንደ እንግዳ ነገር ሊቈጥረው አይገባም።

ደግሞ የሌላውን አገር ሠራዊት ብቻ መውቀስ ሚዛኑን ያጐድላል። ከጋሞ ደጋ በስተ ሰሜን ባለው በወላይታ፥ በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ካዎ ጦናን በማረከ ጊዜ፥ ብዙ ሺህ ከብትና ብዙ ሰው በምርኮ ተነዳ። ከጦሩ ጋራ አብሮ የነበረ ፈረንሳዊ ያየውን ጽፏል። ያ ሠራዊት ኢትዮጵያዊ ስለ ሆነ፥ ታቦትም ይዞ ስለ ዘመተ፥ የድኻይቱ ላም የራሱ አልሆነችም። የዚህ አገር ሽማግሌዎች ልጆች ይህን ከአያቶቻቸው ሰምተውታልና፥ ስለ መቅደላ የሚያለቅስ ሰባኪ ስለ ወላይታ ዝም ቢል ማን ያምነዋል?

በመቅደላ ከተወሰዱት አንዱ ታቦት በስኮትላንድ በኤዲንበርግ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ በ1994 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ሕዝቡ በዕልልታ ተቀበለው። በብሪቲሽ ሙዚየም ግን 11 ታቦታት አሉ፤ ማንም እንዳያያቸው በተዘጋ ክፍል ተቀምጠዋል። ሙዚየሙ ክብራቸውን ለመጠበቅ ነው ይላል፤ የማይታይ ዕቃ ለሙዚየም ምን እንደሚጠቅመው ግን ለማስረዳት ያስቸግረዋል።

ስለ መጻሕፍቱ የሚመሰክር ሌላ ነገር አለ። የቀድሞ አባቶች መጽሐፍ ለቤተ ክርስቲያን በተሰጠ ጊዜ፥ የሰጪውን ስም፥ የደብሩን ስም፥ አንዳንድ ጊዜም የንዋየ ቅድሳቱን ቍጥር በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጽፉ ነበር። የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ብለውም ይጨምሩበታል። ይህ ልማድ በብዙ ደብር ከተተወ ቆይቷል፤ ንዋየ ቅድሳቱ በመጋቢው ወይም በዕቃ ቤቱ ጠባቂ ልብ ብቻ ተቈጥሮ ይኖራል፤ እርሱም ሲያርፍ ቍጥሩ አብሮ ይቀበራል። በለንደን ግን ከመቅደላ የሄዱትን ብራናዎች የሚገልጥ ተማሪ፥ በብዙዎቹ ላይ ያንኑ የደብር ስም እስከ ዛሬ ድረስ ያነባል።