ኮላዥ፦ ከቁርጥራጭ ወረቀት የሚሠራ ሥዕል

ኮላዥ ቁርጥራጭ ወረቀት ተለጣጥፎ የሚሠራ ሥዕል ነው። ኮላዥ ለደጋ ብርድ የሚደረበውን ድሪቶ ይመስላል፤ እራፊው ከየልብሱ ቢመጣም ተደራርቦ ሲሰፋ አንድ ይሆናል።

ታዲያ ለኮላዥ ምን ያስፈልጋል? ያለቀ ደብተር፣ የከረሜላ ወረቀት፣ የአምና ካሌንደር ይበቃል። ቁርጥራጮቹ መጀመሪያ ሳይለጠፉ ይደረደራሉ፤ ቦታቸውም በተደጋጋሚ ይቀያየራል። የሥራው ዋና ነገር ይኼ ነው፤ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ጥርት ይላል። በእጅ የተቀደደው ግን ነጭ ውስጡን ብቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ ለጭላዳ ዝንጀሮ ጎፈርና ለጉም ተስማሚ ነው። ድርድሩ ካለቀ በኋላ እሳት ላይ የወፈረ የዱቄት ሙጫ በስሱ ተቀብቶ ቁርጥራጮቹ ይለጠፋሉ።

ቁርጥራጭ ማገጣጠም በወረቀት ብቻ አይወሰንም፤ የአዲስ አበባው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ በተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የኮምፒውተር ክፍሎች ግድግዳ የሚሞሉ ድንቅ ሥራዎችን ሠርቷል።