ከኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በፊት ምን እንከልስ?

(በሬሆቮት ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦችና ትምህርት ለሚጀምሩ ልጆቻቸው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብነው አንዳንድ ልጆቻችን ከበዓላት በኋላ ስለሚጀምሩት ኮርስ ለመነጋገር ነው። በዕብራይስጥ ኺምያ ኦርጋኒት ይሉታል። ሕክምና፣ መድኃኒት ቅመማ ወይም ባዮሎጂ መማር የሚፈልግ ልጅ ይህን በር ሳያልፍ ወደ ውስጥ አይገባም። በሩ ላይ ደርሰው የተመለሱ ልጆች አይቻለሁ። አብዛኞቹ የተመለሱት ሰነፎች ሆነው አልነበረም።

በአገር ቤት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ኬሚስትሪ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ ደግሞ መምህሩ በዕብራይስጥ፣ ያውም በፍጥነት ይናገራል። ልጁም «ሁሉን ረስቼዋለሁ» ብሎ ዝም ይላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የጠፋበት የነገሩ ስም እንጂ ነገሩ አይደለም። ስለዚህ ከስሞቹ እንጀምር።

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የካርቦን ኬሚስትሪ ነው። በውስጡ ዘወትር የሚመላለሱት አራት ንጥረ ነገሮች ናቸው። ካርቦን በዕብራይስጥ ፓሕማን ይባላል፤ ፔሐም ከሚለው የከሰል ስም የወጣ ነው። ይህ በግዕዝ ፍሕም፣ በአማርኛ ፍም የምንለው ነው። ሃይድሮጂን ሜይማን ነው፤ ከማይም፣ ከውሃ። ቄሶቻችን ማይ የሚሉት ማለት ነው። ናይትሮጂን ሐንቃን ነው፤ ሐናቅ አነቀ ማለት ሲሆን ግዕዙም ኀነቀ ነው። ናይትሮጂን ብቻ በሞላበት ክፍል ውስጥ ሰው ታፍኖ ይሞታልና ስሙ አልተሳሳተም። ኦክስጅን ሐምጻን ነው። ሖሜጽ ሆምጣጤ ነው፤ በፋሲካ ከቤት የምናወጣው ሐሜጽም ከዚሁ ቃል ነው። (በነገራችን ላይ ይህ ስም የተሰጠው በ18ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ላቯዚየ አሲድ ሁሉ ኦክስጅን አለበት ብሎ ስላሰበ ነው። ተሳስቷል፤ በሆዳችን ውስጥ ያለው አሲድ ኦክስጅን የለበትም። ስሙ ግን ቀረ።) እንግዲህ ከአራቱ ስሞች ለእናንተ ባዕድ የሆነው የትኛው ነው?

አሁን ወደ ክለሳው። የጠቅላላ ኬሚስትሪን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር እንደገና ማንበብ አያስፈልግም። የጋዝ ሕጎች ይቆዩ። የሞል ስሌት ለላቦራቶሪ ስለሚያስፈልግ አንድ ሁለት ምሽት ስጡት። ጊዜያችሁን የሚገባው ሌላ ነው።

መጀመሪያ ትስስር መቁጠር ነው። ሃይድሮጂን አንድ እጅ አለው፣ ኦክስጅን ሁለት፣ ናይትሮጂን ሦስት፣ ካርቦን አራት። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ፈተና ለካርቦን አምስት እጅ ሰጥቼ፣ ከእርሱ በኋላ የጻፍኩት ሁሉ ገደል ገብቷል። አሁን ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጂንና አንድ ኦክስጅን ውሰዱ። እጆቹን በሙሉ አያይዛችሁ ስትስሉ ሁለት ዓይነት አሣሣል ታገኛላችሁ። ኦክስጅኑ በዳር ሆኖ አንድ ሃይድሮጂን ከያዘ ኢታኖል ነው፤ በጠላና በአረቄ ውስጥ ያለው አልኮል፣ በ78 ዲግሪ የሚፈላ። ኦክስጅኑ በሁለቱ ካርቦኖች መካከል ከገባ ግን ዳይሜቲል ኢተር የሚባል ጋዝ ነው፤ የሚፈላው ከዜሮ በታች በ24 ዲግሪ ነው። ቁሱ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፤ አቀማመጡ ብቻ ተለየ፣ የመፍያው ልዩነት ግን ከ100 ዲግሪ በላይ ሆነ።

ለምን? እዚህ ላይ ሁለተኛው ክለሳ ይመጣል፤ ኤሌክትሮንን ማን ወደ ራሱ ይስባል የሚለው። ኦክስጅን ከሃይድሮጂን እጅግ ይበልጥ ይስባል፤ በሠንጠረዡ ኦክስጅን 3.4፣ ሃይድሮጂን 2.2 ነው። በኢታኖል ውስጥ ኦክስጅን የያዘው ሃይድሮጂን ኤሌክትሮኑ ስለተሳበበት የጎረቤቱን ሞለኪውል ኦክስጅን ይጠጋል። ሞለኪውሎቹ እንዲህ ተያይዘው ስለሚኖሩ ለመለያየት ብዙ ሙቀት ይፈልጋሉ። በኢተሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ሃይድሮጂን የለም።

ሦስተኛው አሲድና ቤዝ ነው፤ በዕብራይስጥ ሑምጻና ባሲስ። ጠላ ሲቆይ እንደሚሆመጥጥ እናቶች ታውቃላችሁ። ባክቴሪያ በአየሩ ኦክስጅን ኢታኖሉን ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ወደ ሆምጣጤው አሲድ ይለውጠዋል። የአሴቲክ አሲድ ፒኬኤ 4.76 ነው፣ የኢታኖል ወደ 16 ይጠጋል። እያንዳንዱ ቁጥር አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ የአሲድነታቸው ልዩነት ወደ መቶ ቢሊዮን እጥፍ ነው። ምክንያቱ ሃይድሮጂኑ ከሄደ በኋላ የሚቀረው ኔጋቲቭ ቻርጅ ነው። በአሴቲክ አሲድ ሁለት ኦክስጅኖች ይካፈሉታል፤ በኢታኖል ግን አንዱ ብቻውን ይሸከመዋል። ይህን በራሱ ቃል ማስረዳት የቻለ ልጅ፣ በኮርሱ ውስጥ ከሚመጣው ብዙውን ገና ሳይጀምር ይዞታል።

ወላጆች ሆይ፣ ኬሚስትሪ ባትማሩም ልትረዱ ትችላላችሁ። ልጁን «አረቄ ሲወጣ አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ የሚተንነው ለምንድን ነው?» ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁት። ለቅርጽ ደግሞ አንድ ድንችና አራት የጥርስ መጎርጎሪያ ስጡት። እንጨቶቹን እርስ በርሳቸው በተቻለ መጠን አራርቆ ሲሰካ 109.5 ዲግሪ ያለውን የካርቦን ቅርጽ በእጁ ያገኘዋል፤ ሥዕል ብቻ ያየ ልጅ ጠፍጣፋ ይመስለዋል።

የምንኖርባት ከተማም ከዚህ ትምህርት ጋር ዝምድና አላት። የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሐይም ቫይጽማን ኬሚስት ነበሩ። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ለባሩድ አሴቶን ስትቸገር፣ እርሳቸው በባክቴሪያ አማካይነት በቆሎን አብላልተው አሴቶን የሚያወጡበትን ዘዴ አቀረቡ። ከሚገኘው 10 ክፍል 6 ያህሉ ቡታኖል፣ 3 አሴቶን፣ 1 ኢታኖል ነው። ጠላ ከመጥመቅ እምብዛም የማይርቅ ሥራ ነው። በ1934 እዚሁ ሬሆቮት የተከፈተው የምርምር ተቋም በ1949 በስማቸው ተሰየመ፤ ብዙዎቻችሁ አጥሩን ታውቁታላችሁ።

አሁን ወረቀትና እርሳስ የያዛችሁ ወጣቶች ወደ ፊት ቅረቡ። አሴቶን ሦስት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጂን፣ አንድ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅኑ መካከለኛውን ካርቦን በሁለት እጁ ይዟል። ሳሉት፤ ከዚያም ኤሌክትሮኑ ወዴት እንደሚሳብ በቀስት አሳዩኝ።